ለሽጉጥ፣ ለክላሽ፣ ለሾትገን፦ የመወልወያ ዕቃ ስትገዙ ምን ትመርጣላችሁ?

የመጀመሪያ ሽጉጤን በገዛሁ ዕለት ሻጩ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አብሮ ሸጠልኝ። ውስጡ ስድሳ ምናምን ዕቃ ነበረው። «ከትንሿ .22 ጠመንጃ እስከ ባለ ሰፊ በርሜሉ ሾትገን ሁሉንም ያጸዳል» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሳጥኑ ውስጥ በእጄ የተነኩት አንድ ዘንግ፣ ሁለት ብሩሽና የጨርቅ መያዣው ብቻ እንደሆኑ አየሁ። የተቀረው እንደተደረደረ አለ። ዘንጉ ደግሞ ለስላሳ ነሐስ ስለነበረ ሦስቱ ቁራጮች በሚጋጠሙበት ቦታ ጎበጠ፤ የፕላስቲክ ጨርቅ መያዣው በርሜል ውስጥ ተሰብሮ ቀረና እሱን ለማውጣት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀሁ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዳንድ የአገሬ ልጆች ለሱቃቸው ወይም ለቤታቸው ሽጉጥ ሲገዙ፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሲሄዱ አያለሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «የቱ ሳጥን ይሻላል?» ብለው ነው። ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ለሁሉም መሣሪያ የሚሆን ሳጥን ከመፈለግ፣ ለሁሉም የሚያገለግል ትንሽ መሠረት መያዝና ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንዲት ትንሽ ከረጢት ማዘጋጀት ይሻላል። መሠረቱ ውስጥ ዘይት፣ ማጽጃ ፈሳሽ፣ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጓንትና ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ ነገር ይገባል። ከረጢቷ ውስጥ ደግሞ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የሚሆነው ብሩሽና መሳቢያ ይቀመጣል። ሙሉው ሲደመር ከሳጥኑ በዋጋ ብዙም አይበልጥም፤ ከሳጥኑ ግን ዕድሜው ይረዝማል።

ስለ ዕቃው ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር። መሣሪያ የሚወለወለው ባዶ መሆኑ ተረጋግጦ ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ቀጥሎ ማጉረሻው ተስቦ ይከፈታል፤ ጉሮሮው (ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበትን ክፍል እንዲህ ልበለው) በዓይን ይታያል፤ ከዚያ በጣት ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም፤ ካዝናው ሳይወጣ ማጉረሻው ቢሳብ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። ጥይቱም ካለበት ክፍል ይወጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አይቀመጥም። ግሎክና እሱን የመሰሉ አንዳንድ ሽጉጦች ላይኛው ብረታቸው እንዲወልቅ ምላጩ መሳብ አለበት። ብዙ «ባዶ ነበር» የተባለ ሽጉጥ የጮኸው በዚህች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ምላጩ ከመሳቡ በፊት ሁለተኛ ፍተሻ፣ አፈሙዙም ጥይት ሊያስቆም ወደሚችል አቅጣጫ።

ዘንግ ወይስ ገመድ?

ከሁሉ በላይ ማሰብ ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያን በመወልወል የሚያበላሽ ሰው የሚያበላሸው በዘንግ ነው። በርሜል ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክሩ የተጠማዘዙ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚያልቁበት ቦታ ጥይቱ ብረቱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚነካበት ነው። እዚያ ላይ ዘንግ በየጊዜው እየታከከ አንዱን ጎን ከበላው ጠመንጃው ዒላማ መምታት ይከብደዋል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ዘንግ ከኋላ፣ ከጉሮሮው በኩል ገብቶ በአፈሙዙ ይወጣል።

ተገጣጥሞ የሚረዝመው ዘንግ ርካሽ ነው፣ ለመያዝም ይመቻል። ችግሩ መጋጠሚያዎቹ ናቸው። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ትንሽ ከወጣ ጠርዙ በርሜሉን ይፍቃል፤ አሉሚኒየምና ነሐስ ከሆነ ደግሞ አሸዋና የብረት ብናኝ እላዩ ላይ ይተከልና እንደ ሞረድ ይሆናል። ለሽጉጥ አጭር ስለሆነ ግድ የለም። ለረጅም ጠመንጃ ግን አልመክረውም።

ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ የሆነው ዘንግ፣ ፕላስቲክ የተለበጠ ብረት ወይም የካርቦን ፋይበር፣ ቤት ውስጥ ለሚወለውል ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ጥሩ ዘንግ መያዣው በኩሽኔታ ላይ ስለሚዞር ብሩሹ የበርሜሉን ጥምዝ ተከትሎ ይሽከረከራል። ከ35 እስከ 50 ዶላር ገደማ ያወጣል። ጉድለቱ ርዝመቱ ነው፤ መኪና ውስጥም ሻንጣ ውስጥም አይገባም።

ሦስተኛው በገመድ ወይም በተለበጠ ሽቦ ጨርቅና ብሩሽ የሚሳብበት ነው። ኦቲስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ ሰደፉ ውስጥ የነሐስ ዘይት ማስቀመጫና ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ ነበረው፤ ጀርመኖችም እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ለወታደሮቻቸው የሰጡት ትንሽ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ የነበረው ሰንሰለት ነው። በገመድ መሳብ ለበርሜሉ የዋህ ነው፤ ከኋላ በቀጥታ ዘንግ ለማያስገቡ ጠመንጃዎች መፍትሔው እሱ ነው። መግፋት ግን አይችልም። ጥይት በርሜል ውስጥ ቢቀር (ድምፁ «ጷ» ብሎ ደካማ ሲሆን ወዲያው ማቆም ነው) ገመድ ምንም አይረዳም፤ መሣሪያው ወደ ባለሙያ ይሄዳል።

አራተኛው «እባቡ» ነው፤ ቦር ስኔክ የሚሉት። ብሩሹ መሐሉ ላይ የተሸመነበት ወፍራም ገመድ ነው፤ ከኋላ ይገባል፣ ከፊት ይሳባል፣ አለቀ። ከተኩስ መለማመጃው ሳትወጡ በሁለት ደቂቃ አንድ ሽጉጥ ይጠረጋል። እወደዋለሁ፤ ግን ልክ እንደ መጥረጊያ እንጂ እንደ ማጠቢያ አላየውም። ሁለተኛ ጊዜ ስትስቡት የመጀመሪያውን ቆሻሻ መልሶ ያስገባል። በሳሙናና በሙቅ ውሃ በየጊዜው መታጠብ አለበት፤ ከልብስ ጋር ግን በፍጹም፤ እርሳስ አለበት። ገመዱ መሳሳት ከጀመረ ጣሉት። በርሜል ውስጥ የተበጠሰ እባብ ማውጣት ከተሰበረ ፕላስቲክ የባሰ ነው።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፦ አንድ ሽጉጥ ብቻ ያለው ሰው አጭር ዘንግና እባብ ይበቃዋል። ረጅም ጠመንጃ ያለው አንድ ወጥ ዘንግ ይግዛ። ክላሽ ወይም ከኋላ የማይከፈት ጠመንጃ ያለው በገመድ የሚሳበውን።

ብሩሽና ፊሌቶ

ብሩሽ የነሐስ፣ የናይለንና የማይዝግ ብረት አለ። የብረቱን ለበርሜል አትግዙ። የነሐሱ ጥላሸትና እርሳስ በደንብ ያነሳል፣ ያልቃል፣ ይተካል። የናይለኑ ቀስ ብሎ ይሠራል ግን ፈሳሽ አይጎዳውም፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

ልኩን በተመለከተ (በነጥብ የሚጀምሩት ቁጥሮች የጥይቱ ውፍረት በኢንች ናቸው)፣ ለእያንዳንዱ የጥይት ስም አዲስ ብሩሽ አያስፈልግም። የ9 ሚሊ ሜትር ብሩሽ ለ.38 እና ለ.357ም ይሆናል። የ.22 ብሩሽ ለትንሿ .22 እና ለአሜሪካኖቹ ጠመንጃ ለኤአር 15 በርሜል (5.56) ያገለግላል። የ.30 ብሩሽ ክላሽን (7.62×39)፣ .308ን እና .30-06ን ይችላል። የድሮዎቹ መውዜር ጠመንጃዎች (7.92) ግን የራሳቸው የ8 ሚሊ ሜትር ብሩሽ አላቸው፤ በ.30 ሲወለወሉ ብሩሹ ላላ ብሎ ያልፋል።

ሰው የማይነግራችሁ ነገር የብሩሹ ጭራ ላይ ያለው ፊሌቶ ነው፤ ብሩሹ ዘንጉ ላይ እየተሽከረከረ የሚታሰርበት ጥርስ። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የጠመንጃና የሽጉጥ ብሩሽ አብዛኛው የፊሌቶ ልኩ 8-32 ነው። የሾትገኑ 5/16-27 ነው፤ ስለዚህ አስተላላፊ ቁራጭ ያስፈልገዋል። ከወታደር ዕቃ መሸጫ የሚገዛው የኤም 16 (የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ) ዘንግ ደግሞ 8-36 ነው፤ ለዓይን ከ8-32 አይለይም፤ ትንሽ ይገባና ይነክሳል፣ ከዚያ ሁለቱንም ያበላሻል። የክላሽ የራሱ ዘንግም ከአሜሪካኖቹ ብሩሾች ጋር አይጋጠምም። ሱቅ ስትሄዱ ዘንጋችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

የትኛው ፈሳሽ?

ሱቅ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ብዛት ያደናግራል፤ ሥራቸው ግን አራት ብቻ ነው፦ ጥላሸት ማንሳት፣ ከጥይቱ ሽፋን በርሜል ላይ የሚቀረውን መዳብ ማንሳት፣ ማለስለስና ከዝገት መጠበቅ።

ሆፕስ ቁጥር 9 እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ያለ ማጽጃ ነው። ጥላሸት ላይ አሁንም ጎበዝ ነው፤ ሽታውን ደግሞ የሚወደው ሰው እንደ ሽቶ ይናፍቀዋል። ባለቤቴ ከሚናፍቁት ውስጥ አይደለችም። ሲኤልፒ የሚባለው ዘይት ማጽዳትን፣ ማለስለስንና መጠበቅን በአንድ ጠርሙስ አጣምሮ የያዘ፣ የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። ሦስቱንም ይሠራል፣ ሦስቱንም ግን እንደ ልዩ ባለሙያ አይደለም። አንድ ጠርሙስ ብቻ ልግዛ የሚል ሰው እሱን ይግዛ። ባሊስቶል የጀርመን ዘይት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የተሠራ። ከውሃ ጋር ሲደባለቅ እንደ ወተት ነጭ ይሆናል፤ ይህ ጠባዩ ከድሮ ጥይት ጋር ሲሆን ዋጋው ምን እንደሆነ ወደ ክላሹ ስንደርስ ታያላችሁ። እንጨትና ቆዳም አይጎዳም። በአፓርታማ ለሚኖር ሽታው ይሻላል ይላሉ፤ እኔ የአሮጌ ካልሲ ሽታ ይመስለኛል።

ደብልዩ ዲ 40 ማለት ውሃ የሚያባርር ማለት ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዝናብ የመታውን መሣሪያ ወዲያው ለመርጨት ደህና ነው። እንደ ማለስለሻ ዘይት ግን አይቆይም፤ በላዩ ላይ እውነተኛ ዘይት ያስፈልጋል።

መዳብ የሚያነሱት ፈሳሾች ብዙዎቹ አሞኒያ አላቸው። በጨርቁ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲወጣ መዳብ እየሟሟ ነው ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሰማያዊው እንዲጠፋ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስፈትግ ነበር፤ አልጠፋም። ለካ ሰማያዊው ከበርሜሉ ሳይሆን ከነሐስ ብሩሼ ነበር የሚመጣው! ነሐስም መዳብ አለበት። የናይለን ብሩሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የጨርቅ መያዣውም ነሐስ መሆን የለበትም። እንዲህ ዓይነት ፈሳሽ በርሜል ውስጥ አድሮ አይተውም። ለሽጉጥ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም፤ መዳብ የሚያስቸግረው ፈጣን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃን ነው።

አገር ቤት እንግዲህ ሌላ ነው። ጎጃም ሳድግ አባቴ ቤልጅግ የሚባለውን የድሮ ጠመንጃውን የሚወለውለው በላምባና በማሽን ዘይት ነበር። ላምባ ጥላሸት ያነሳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሲተን ብረቱን እርቃኑን ትቶት ይሄዳል፤ ወዲያው ዘይት ካልተቀባ ክረምቱ ያዝገዋል። አዲስ የሞተር ዘይት ቢጠፋ ቢጠፋ ይሠራል፤ ከመኪና የወጣው የተቃጠለው ዘይት ግን ብረት ብናኝና አሲድ ስላለበት አይሆንም። የምግብ ዘይትማ ወዲያ! በተለይ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ለቀለም መሥሪያም የሚውለው ለዚህ ጠባዩ ነው። የተልባ ዘይትም ይደርቃል። እሱ ግን ለእንጨቱ ሰደፍ ጥሩ ነው፣ ብረቱን እስካልነካ ድረስ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ሞቆ ሊነድ ይችላል፤ ዘርግቶ ውጭ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው።

አሁን ወደየመሣሪያው

ሽጉጥ ቀላሉ ነው። ለዘመናዊ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ አጭር ዘንግ፣ አንድ ብሩሽ፣ የጥርስ ብሩሽና ጥቂት የዘይት ጠብታ ይበቃል። ሰው የሚሳሳተው በማነስ ሳይሆን በማብዛት ነው። የግሎክ መመሪያ ራሱ የሚያዘው ጥቂት ጠብታ በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚመላለስበት ቀዳዳ ውስጥ ዘይት አይገባም፣ ምክንያቱም ጥላሸትና አቧራ ይዞ ጭቃ ይሆናል። በዘይት የተጥለቀለቀ ሽጉጥ ወገብ ላይ ታስሮ ሲዋል ሸሚዝ ያበላሻል፣ የልብስ ብናኝ ይሰበስባል። ተሽከርካሪው፣ ሪቮልቨር የሚሉት፣ ደግሞ ጥላሸቱ የሚከማቸው በሲሊንደሩ ፊት ላይና ቀለሁን በሚገፋው ኮከብ ሥር ነው። እዚያ ሥር የቀረች የባሩድ ቅንጣት ሲሊንደሩ በደንብ እንዳይዘጋ ታደርጋለች። ለእሱም የሽጉጡ ከረጢት ይበቃል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን የጥርስ ብሩሹ ነው።

ክላሽ ከመወለዱ ጀምሮ የራሱ ዕቃ ያለው ነው። ዘንጉ በበርሜሉ ሥር ተሰክቷል። ሰደፉ ቋሚ የሆነው ክላሽ ከኋላ ትንሽ መዝጊያ አለው፤ በጣት ሲጫኑት ስፕሪንጉ አንዲት የቆርቆሮ ዕቃ ይገፋል። የዚህች ዕቃ ብልሃት ሁልጊዜ ይገርመኛል። ውስጧ ብሩሽ፣ የጨርቅ መያዣና መፍቻ አሉ፤ ቆርቆሮዋ ራሷ ለዘንጉ እጀታ ትሆናለች፤ ክዳኗ አፈሙዙ ላይ ይገጠምና ዘንጉ ጫፉን እንዳይፍቅ ይመራዋል። አብሯት የምትሰጠው የዘይት ጠርሙስ ሁለት አፍ ያላትም አለች፦ አንዱ ለአልካሊ ማጽጃ፣ ሌላው ለዘይት፣ በሩሲያኛ ፊደል የተለዩ። ይህን ዕቃ ያገኘ ሰው ሌላ ሳጥን ለምን ይገዛል? ክዳኗን ግን አትርሱ። ክላሽ ከኋላ ቀጥ ያለ ዘንግ አያስገባም፤ የግድ ከአፈሙዙ ነው፤ ያለ ክዳን የተወለወለ ክላሽ አፉ ይበላል። ተጣጣፊ ሰደፍ ያለው ክላሽ ያለው ሰው ወይም ክዳኗ የጠፋችበት በገመድ የሚሳበውን ይያዝ።

ክላሽን ከሌላው የሚለየው ሌላው ነገር ጥይቱ ነው። ከድሮ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ መጋዘን የወጣ ጥይት ብዙው ማቀጣጠያው ጨው የሚተው ነው። ፖታሺየም ክሎሬት ሲነድ ፖታሺየም ክሎራይድ ይሆናል፤ ይህ ከገበታ ጨው የሚዛመድ ነገር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ብረቱም ይዝጋል። የክላሽ በርሜል ክሮም የተለበጠ ስለሆነ ይታገሣል፤ ጋዙ የሚያልፍበት ክፍልና ቱቦው ግን ሳይታዩ ይበላሉ። ጨው በዘይት አይሟሟም። በሆፕስም በሲኤልፒም ለማንሳት መድከም ከንቱ ነው። የሚያሟሟው ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ፣ ወይም ባሊስቶል የተቀላቀለበት ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። አሜሪካ ውስጥ አንዳንዱ የመስታወት ማጽጃ ይረጫል፤ አሞኒያው ጨዉን «ያመክነዋል» ይላል። የሠራው አሞኒያው ሳይሆን አብሮት ያለው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ከቧንቧ በነፃ ይወርዳል። ስለዚህ የክላሽ ከረጢት ውስጥ ከሁሉም በፊት የሚገባው ውሃ በጠባብ አፍ ማውረጃ ትንሽ ፈነል ነው፤ ፈነል የሌለው ሳጥን ግን ብዙ ነው።

ኤአር 15 የክላሽ ተቃራኒ ነው። ጋዙ ተመልሶ ወደ ማጉረሻው ክፍል ስለሚገባ ጥላሸቱ ውስጡ ላይ ይጋገራል፤ በተለይ መዝጊያው ጭራ ላይ። የመወልወያ ዕቃ ማጣት ምን እንደሚያመጣም ያሳየው የእሱ ወንድም ነው። ኤም 16 ቬትናም ሲገባ ብዙ ወታደሮች መወልወያ አልተሰጣቸውም፤ መሣሪያው ራሱን ያጸዳል የሚል ወሬም ነበር። በዚያ ላይ ባሩዱ ተቀይሯል፣ ጉሮሮው ክሮም አልተለበጠም። ቀለህ ጉሮሮ ውስጥ እየተጣበቀ ሰዎች በውጊያ መሐል ዘንግ ሲፈልጉ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ኮንግረስ ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። በኋላ ጉሮሮው ክሮም ተለበጠ፣ መወልወያው ተሰጠ፣ ሰደፉም ለዕቃው መቀመጫ ተሠራለት። ስለዚህ ለኤአር ከረጢት ከበርሜል ብሩሹ ይልቅ የሚያስፈልገው የጉሮሮ ብሩሹ ነው፤ ሁለት ውፍረት ያለው፣ ሰፊው ክፍል የመዝጊያውን ጥርሶች መያዣ የሚፈትግ። ብዙ ርካሽ ሳጥን ውስጥ ይህ የለም። ዘንግ ከኋላ ሲገባ የሚመራው የፕላስቲክ ቱቦም ጥቂት ዶላር ነው፤ ግዙት።

ሾትገን በርሜሉ መስመር የለውም፣ ሰፊ ነው (12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ ለመወልወል ያስደስታል። ቆሻሻው ሌላ ነው፦ ጥይቱ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ኩባያ እየቀለጠ በርሜሉ ላይ ይለጠፋል። ጫፉ ላይ የሚገጠመው ማጥበቢያ፣ ቾክ የሚሉት፣ በየጊዜው ተፈትቶ ፊሌቶው ትንሽ ግሪስ ካልተቀባ አንድ ቀን አልፈታም ይላል። ለሾትገን ትልቅ ብሩሽ፣ ትልቅ የሱፍ መጥረጊያ፣ ግሪስና ያቺ የፊሌቶ አስተላላፊ ይበቃሉ።

ትንሿን .22 ግን ተዉአት። ጥይቷ ለስላሳ እርሳስ ነው፣ ሰምም ይቀባል፤ በርሜሏ ውስጥ የሚቀረው ስስ ሽፋን አይጎዳም፣ ዒላማም ይረዳል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ጉሮሮዋንና መዝጊያዋን በጥርስ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ በርሜሏን ዒላማ መሳት ስትጀምር ብቻ በገመድ አንድ ጊዜ እስባለሁ። በተኩስ ከሚያልቁት የ.22 ጠመንጃዎች ይልቅ በዘንግ የሚበላሹት ይበዛሉ ቢባል አልከራከርም።

ሳጥን ወይስ ለየብቻ?

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሳጥን የሚያዋጣበት አንድ ጊዜ አለ፦ አንድ መሣሪያ ብቻ ሲኖራችሁና ሳጥኑ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ሳጥን በሃያ ዶላር ገደማ ከተገኘ ለብቻ መልቀም ድካም ነው። «ለሁሉም» የሚለው ሳጥን ላይ ግን ስትከፍሉ የምትከፍሉት ለዕቃ ብዛት ነው፤ ዘንጉ ለስላሳ፣ የጨርቅ መያዣው ፕላስቲክ፣ ጨርቁ ሃያ ቁራጭ። ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ፈትሹ፦ የጨርቅ መያዣው ጫፍ ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ? ፕላስቲክ ከሆነ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ጨርቅ መግዛትም ብዙ ጊዜ ብክነት ነው። ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ቆርጦ መጠቀም ይቻላል። ጋቢና ነጠላ ሞክሬ ነበር፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ብናኙ ስለሚቀር አይሆንም። ጨርቁ በርሜል ውስጥ ሲገባ መጠነኛ ተቃውሞ ይኑረው፤ በኃይል የሚገፋ ከሆነ ትልቅ ነው፣ መሐል ላይ ይቀረቀራል።

ጓንት ስል ለውበት አይደለም። ጥይት ሲተኮስ ከማቀጣጠያውም ከእርሳሱም ብናኝ ይወጣል፤ መሣሪያው ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር እርሳስ አለበት። ናይትራይል ጓንት አድርጉ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። የምግብ ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ፤ ልጅ ባለበት ክፍልም። አንድ የእኛ ቤት ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ቡና እየተፈላ፣ ከሰል እየነደደ፣ እጣን እየጨሰ እዚያው ጥግ ላይ ሆፕስ አይከፈትም። ትነቱ እሳት ይይዛል። ባለቤቴ ሽታውን በእጣን ልሸፍነው ብላ አንድ ቀን ማጨሻውን ይዛ ስትመጣ ደንግጬ ነው የተነሳሁት። አሁን የምወለውለው ጋራዥ ውስጥ ነው፣ በሩ ተከፍቶ።

አገር ቤት ለመላክ

ባለፈው ወንድሜ «ለአባባ ቤልጅግ የመወልወያ ዕቃ ላክልኝ» አለኝ። ቤልጅግ ስሙ እንደሚለው ከቤልጅየም የመጣው የኤፍ ኤን መውዜር ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራችን የገባ፣ 7.92 የሚበላ። መሣሪያው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው፤ ወረቀቱ መኖሩን አስቀድሜ ጠየቅሁት። ቀጥሎ ያሰብኩት ፈሳሹን ነው። ሆፕስም ሌላውም የሚነድ ፈሳሽ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም፤ የሚረጭ ቆርቆሮም እንዲሁ። ስለዚህ ጠርሙስ አልላክሁም። የላክሁት በገመድ የሚሳብ መወልወያ፣ ሁለት የ8 ሚሊ ሜትር የነሐስ ብሩሽ፣ አንድ የናይለን ብሩሽና አንድ የብረት የጨርቅ መያዣ ነው፤ ሁሉም በአንዲት የመነጽር ማስቀመጫ ውስጥ ገባ። ዘይቱን፣ «ከመርካቶ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ግዛ፣ ያቺን ትንሿን ጠርሙስ» አልኩት። ጥይቱ ግን ዕድሜው ከእኛ የሚበልጥ ስለሆነ ከተተኮሰ በኋላ የፈላ ውሃ በፈነል እንዲያወርድበት፣ ብረቱ ሞቆ በራሱ እስኪደርቅ እንዲጠብቅና ዘይቱን ከዚያ በኋላ እንዲቀባ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። አባባ ስልኩን ተቀብሎ «ጠመንጃን በውሃ?» አለና ሳቀ። ላምባውን አልተወም፤ ውሃውን ግን አሁን ከላምባው በፊት ያደርጋል ብሎኛል ወንድሜ።